ዝም ያለው ሞገድ

በጋነት ኮቭ ወደብ አስራ አራት ጀልባና አንድ የሬዲዮ ሞገድ አለ። አስራ አራቱም በዚያችው አንድ ሞገድ ይጠራራሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ የጉልበታቸውን ቁርጥማት ያወራሉ። መናገሪያውን ሲጫኑት ይናገራል፣ ሲለቁት ይሰማል፤ አንዱ ሲይዘው ሌላው ተራ ይጠብቃል። ተራ መጠበቅ የሚችል ሰው ግን በኒውፋውንድላንድ ባሕር ላይ እስከ ዛሬ አልተወለደም።

ከሁሉም ለፍላፊው ጋርላንድ ፓርዲ ነው። አፉ የሚቆለፈው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቱ ሊሞት ሲል በጆሮው የነገረው የዓሣ ስፍራ። እሱ እንደሚለው እዚያ ዓሣው ከመብዛቱ የተነሳ ውሃው ማለፊያ አጥቶ ዳር ዳሩን ይሄዳል። የት እንደሆነ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። ያ ስፍራ ከታወቀ ጋርላንድ እንደማንኛውም ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ከዚያ ሞት ይሻለዋል።

የዓሣ ማጥመጃው ወቅት በሚዘጋበት ቀን ማለዳ ጭጋግ ወረደ። እጁን የዘረጋ ሰው ጣቶቹን ለማግኘት መልእክተኛ መላክ ነበረበት። ጋርላንድ ከወደቡ ሲወጣ፣ በሟች ባሏ ጀልባ የምታጠምደውን ቨርናን በሬዲዮ ጠርቶ፣ ሳትሰጥም ሻይዋን እንድትጠጣ መከራት። ከዚያ መናገሪያውን ከከባዱ የዳቦ ቆርቆሮ ሥር ሸጎጠና መሪውን ያዘ።

ቨርና አልመለሰችም። ማንም አልመለሰም።

ጋርላንድ መጀመሪያ ሳቀ። ቆይቶ ይቁነጠነጥ ጀመር። ሬዲዮው ቀይ መብራቱን አብርቶ ጭጭ ብሏል። አስራ ሦስት ጀልባ ሙሉ ለፍላፊ ግማሽ ሰዓት ዝም አለ፤ ሰዓት ሞላው።

«ዓሣ አግኝተዋል» አለው መንጠቆ ለሚያዘጋጀው ለሚስቱ ወንድም ለሴልቢ። «እነዚህ ሰዎች ዝም የሚሉት አፋቸው ሲሞላ ብቻ ነው።»

ሴልቢ ጥራቸውና ጠይቅ አለው።

«እኔ? ልለምናቸው? ይፈንዱ እንጂ መናገሪያውን አልነካውም።»

ከመስኮት መስኮት እየተመላለሰ ወደቡን በሙሉ አማ። የቨርና ጀልባ ቀለሙ ነው የያዘው እንጂ እንጨቱ ካለቀ ቆይቷል አለ። አብሯቸው የሚያጠምደው የቄሱ ወንድም ደግሞ ከሚይዘው ዓሣ ይልቅ ውሸቱ ይመዝናል አለ። ያም አላሳረፈው። እነሱ ጀልባቸውን እየሞሉ እሱ ባዶውን ሊገባ ነው።

ረፋዱ ላይ ቆረጠ። በጭጋግ መሪና መንጠቆ ለአንድ ሰው አይሆንም፤ መሪውን ለሴልቢ ሰጠው።

«ስማኝ አንተ። ከጥቁሩ ድንጋይ ቀጥ ብለህ ወደ ደቡብ፣ አስራ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ ሞተር ታጠፋለህ። ለእህትህ ትንፍሽ ብትል ምላስህን መንጠቆ ላይ ነው የምሰካው።»

ሴልቢ በእናቱ መቃብር ማለ።

ደረሱ። የመጀመሪያው ገመድ ሲወጣ ዓሣው በሰልፍ የቆመ ይመስል ነበር። ጋርላንድ ግን መሳብ ትቶ ሴልቢን ያያል። ሴልቢ ወደ ጀልባው ኋላ ሄዶ ስልኩን አወጣ፣ አየው፣ እዚህ ኔትወርክ የለም ብሎ ኪሱ ከተተው።

ብዙም ሳይቆይ በጭጋጉ ውስጥ ሞተር ተሰማ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ባሕሩ የሚያጓራ መሰለ፤ አስራ ሦስቱም ጀልባ ዙሪያቸውን ከበበ፣ መልህቁንም ጣለ።

ጋርላንድ ሴልቢን በኮሌታው አንቆ ከጀልባው ጠርዝ አስደገፈው። ለማን እንደጻፈ ጠየቀው። ሴልቢ ማለ፣ ስልኩን ዘረጋለት፣ እንባው መጣ። ጋርላንድ ስልኩን ባሕር ውስጥ ወረወረው፤ ከዛሬ ጀምሮ በጀልባዬም በቤቴም እንዳላይህ አለው።

ቨርና ጀልባዋን አስጠግታ ሁለት እጇን በአፏ ዙሪያ አደረገች፦ «ሴልቢን ልቀቀው አንተ፤ ከማለዳ ጀምሮ በየሬዲዮአችን ያንተ ድምፅ እንጂ የሌላ ሰው አልተሰማም።»