ተቀምጠው የቀሩት

ፊታውራሪ እጅጉ ፎክረው ጎራዴያቸውን ወደ ሰገባው ሲመልሱ ሠላሳ ሰው ብድግ ብሎ ከኋላቸው ተሰለፈ። ከተፎካካሪያቸው ከላቀው ኋላ፣ ገና ሳይፎክር፣ የቆሙት ሃያ ናቸው፤ ሦስቱ የሚስቱ ወንድሞች ስለሆኑ እነሱን መቁጠሩም ያሳፍራል። አሥራ አራት ሰዎች ከዋርካው ሥር እንደተቀመጡ ቀርተዋል።

በዚህ ደብር የጎበዝ አለቃ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይመጣና ከወደደው ኋላ ይቆማል፣ ያልቆረጠለት ይቀመጣል። ዛሬ ግን የመቀመጫ ጊዜ የለም። ጣሊያን ማለዳ ከቡሬ ምሽጉ ወጥቷል፤ ሳይመሽ እዚህ ይደርሳል። የተመረጠው ሰው ደብሩን ይዞ ወደ ፈጣም ገደል ይወርዳል። ፊታውራሪ በጥር አለቃ ሆነው ሲያወርዱ ፈጥነው ነው ያወረዱት፤ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ተረፈ፣ መፍጠን ያልቻለው ከነቤቱ ተቃጠለ።

ላቀው ሌላ ነገር አይታየውም። ሚስቱ እናኑ ዛሬ ነገ የምትባል ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሴቶቹ ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ተደግፋ ቆማለች። ፊታውራሪ ካሸነፉ ማን ቆሞ ይጠብቃታል?

እሱ ደግሞ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር በጋብቻ የመጣ ሰው ነው። ሰባት ዓመት አርሶም «የእናኑ ባል» ከመባል አልዳነም። ፉከራ አያውቅበትም። አንድ ጊዜ በሠርግ ላይ ሞክሮ መሃል ላይ ጠፍቶበት፣ ሙሽራው ሳይቀር ስቆበታል።

«በል እንጂ፣ ተራው ያንተ ነው!» አሉት ምርጫውን የሚመሩት ቄስ።

ላቀው ፉከራውን ትቶ ሄዶ ከተቀመጡት መሃል ተቀመጠ።

«እሱም አልቆረጠለትም!» አሉ ፊታውራሪ፤ ሠላሳው ሁሉ አውካካ።

ላቀው አጠገቡ ወደተቀመጡት አሮጊት፣ ወደ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዞረ። «እሜቴ፣ እርስዎ ምነው ሳይነሡ ቀሩ?»

«ብነሣስ ምን ላገኝ? እጅጉ ጀግና ነው፣ አልዋሽም። በጥር ግን ጥሎኝ ወረደ። ከእህል ጉድጓድ ገብቼ ነው የተረፍሁት። ጎረቤቶቼ ሲቃጠሉ እየሰማሁ። አንተስ ምን ታደርገኛለህ?»

ሌሊቱን ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ከራሱ ጠፋ።

«እኔ አልፈጥንም» አለ። «ሰው ሁሉ እስኪወርድ ከኋላ ነኝ። መራመድ ያቃተውን በአልጋ እንሸከማለን። ካልደረስን አብሬ እቀራለሁ።»

«ማል!»

«እናኑ ትሙት፣ አልጥልዎትም!»

ካለው በኋላ ራሱ ደነገጠ። አሮጊቷ ግን በምርኩዛቸው ተነሡ። ዓይነ ስውሩ መሪጌታ ዘሩ ትከሻቸውን ይዘው ተከተሉ። እግሩን በጥይት የተመታው ዳኘው እያነከሰ፣ ባንቺአየሁም መንታዎቿን አንዱን አዝላ አንዱን አቅፋ መጡ። አሥራ አራቱም ከላቀው ኋላ ቆሙ።

እልልታው ቀለጠ። ፊታውራሪ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር፤ ቢሆንም የአለቅነቱን መለከት ከአንገታቸው አውልቀው ለላቀው አጠለቁለትና ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ለአንድ አልጋ አራት ሰው ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመ ሰው ጠመንጃ በምኑ ይይዛል?»

ክፋት አልነበረበትም፤ ያው እውነቱ ነው። ላቀው ዞሮ ሰዎቹን አያቸው። አሁን ተነሥተው የመረጡት ሁሉ መሮጥ የማይችሉ ናቸው። ቢበዛ አንድ አልጋ ያሸክም ይሆናል፤ ሌላው ጠመንጃ ይዞ ከኋላ ጣሊያንን መግታት አለበት። ያንን አንዱን አልጋ ትናንት ማታ ለእናኑ ብሎ በጠፍር አጥብቆታል።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ የጋቢውን ጫፍ ያዙት።

«ልጄ፣ ከማን ትጀምራለህ?»

የሚስቱ ስም ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አሮጊቷ ግን ጋቢውን አልለቀቁም።

«ከእርስዎ፣ እሜቴ» አለ።

እናኑ ሰምታዋለች። መቀነቷን ከሆዷ በላይ አጠበቀች፤ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ ማንንም ሳትጠብቅ፣ የፈጣምን ቁልቁለት ብቻዋን ጀመረች።