ነዳጁን ሳሙና ያደረገው ማነው?

«ይኸው! ዛሬም ሳሙና!»

ባለወፍጮው በርሜሉ ውስጥ እንጨት ነክሮ አወጣና በገዛ ልጁ አፍንጫ ሥር አንጠለጠለው... ዝልግልግ ነገር ተንጠባጠበ።

«ናፍጣ የሚተካ አመጣለሁ ብለህ የልብስ ማጠቢያ ታመጣልኛለህ? ቅዳሜ ገዢው ይመጣል። ሞተሩ በዚህ ጉድህ ካልተነሳ ወፍጮውን እሸጠዋለሁ! እኔ እንደሆንኩ እጄን አልነክርበትም!»

የልጁ ጆሮ ቀላ።

እኔ ከፊት ለፊታቸው በመስኮት ድንች እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ወሬኛ የሚለኝ ካለ መስኮቱን እዚያ ጋ ያወጣውን ግንበኛ ይውቀስ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

ናፍጣ ሲወደድ ወፍጮው ከሚፈጨው የሚጠጣው በለጠ።

ልጁ የተማረ ነው፤ «ከቅባት ነዳጅ ይሠራል» አለ። ግን ርካሽ ቅባት ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ ጉሎ ለቀመ... ቀኑን ሙሉ ጨምቆ ያወጣው ለአንድ ፋኖስ አይበቃም።

ከሥጋ ቤት ሞራ አመጣ... በጠዋቱ ብርድ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ቀረ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በራቸው ላይ ተኮለኮለ።

የሱቅ ዘይት? እሱማ ከናፍጣውም ይብሳል!

አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ጠቁሮ የሚደፉትን ዘይት ምን ያደርጉታል?»

«ምነው? ፀጉርህን ልቀባህ?»

ሳቀ... «ለእኔ ይስጡኝ።»

ለእያንዳንዳችን ጠባሾች የዘይት ቆርቆሮ አደለ። ጠዋት ባዶውን ያመጣል፣ ማታ ሙሉውን ይወስዳል፤ በርሜሉ ውስጥ ገልብጦ ባዶዎቹን ደጃፋቸው ላይ ይደረድራል። ሰፈሩም «ዘይቴ» ብሎ ስም አወጣለት።

የመጀመሪያውን ሲሠራ እንደ ማር የጠራ ነዳጅ በብርጭቆ አሳየኝ። «ጎበዝ!» አልኩ... በሆዴ።

ከዚያ በኋላ ግን... ሳሙና። ሳሙና። አሁንም ሳሙና!

ያው ልጅ፣ ያው ዘይት፣ ያው በርሜል። ታዲያ ምን ተለወጠ?

«ዓይን ነው» አሉ አንዳንዶቹ።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ «አባትየው ናቸው፤ ለመሸጥ ቸኩለዋል» አለች።

ረቡዕ ማታ ዘይቴ ሊወስድ መጣ። ገበያ በዝቶብኝ ስለነበር ዘይቱ እስኪበርድ አልጠበቅኩም፤ ከነትኩሱ ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጥኩት...

ቸስስስስ!

«አንተ! ቆርቆሮህ ውስጥ ውሃ አለ እንዴ?»

«ውሃ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። አጠገቤ የቀረውን ሌላ ባዶ ቆርቆሮ አንስቶ አገላበጠው። ውጪው እንደ ምድጃ ጠቁሯል... ውስጡ ግን ያበራል!

«እትዬ... ይሄን ሰው አጥቦታል። ውሃ ከነካው እኮ ከምጨምርበት ኬሚካል ጋር ነዳጅ መሆኑ ቀርቶ ሳሙና ይሆናል!»

«ታዲያ እንዴት አላየህም?»

«ውጪውን አልነካውማ! አውቆ ነው... የሚጠላኝ ሰው ነው።»

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ መጥቶ መስኮቴ ሥር ተቀመጠ። እኔም ሳላይ አልቀርም ብዬ አጠገቡ ኩርምት አልኩ።

ወገግ ሲል የነሱ በር ተከፈተ...

ባለወፍጮው!

እጅጌውን ሰብስቧል፣ ማንቆርቆሪያ ይዟል። ቆርቆሮው ውስጥ ሙቅ ውሃ ይጨምራል... ይነቀንቃል... ይደፋል... ጣቱን ሰዶ ይፈትሻል። እንደገና።

ዘይቴ ዘሎ ወጣ።

«አባዬ! እስከዚህ ድረስ ትጠላኛለህ?»

ማንቆርቆሪያው ከሰውየው እጅ ወደቀ።

«ማን? እኔ?... የመጀመሪያው ሲሳካልህ አየሁ። ዕቃው ንጹሕ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል ብዬ ነው እንጂ...»

«ሲበላሽስ እያየህ?»

«በደንብ አላጠብኩትም ማለት ነው ብዬ... ደጋግሜ አጠብኩታ!»

«ውጪውን ለምን ተውከው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ።

«እጄን አልነክርም ብዬ በሰው ፊት ፎክሬ... እንዳታውቅብኝ።»

ዘይቴ ሳቀ ልበል አለቀሰ... እንጃ፣ ሁለቱንም አደረገ።

የዚያን ቀን ቆርቆሮዎቹ ፀሐይ ላይ ተሰጡ። ዘይቱን ደግሞ ውሃው አልቆ ጩኸቱ ጸጥ እስኪል ድረስ አፈሉት፤ አባት እሳቱን፣ ልጅ በርሜሉን ይዘው።

ቅዳሜ ገዢው እጁን አጣምሮ ቆመ። ባለወፍጮው ሞተሩን ራሱ አስነሳ።

አንዴ አስነጠሰ... ሁለተኛ አስነጠሰ... ከዚያ ዱግ! ዱግ! ዱግ! ዱግ!

መንገዱ ሁሉ የእኔን ድንች ሸተተ።

ገዢው ጮክ ብሎ «እሺ፣ ዋጋውን እንነጋገር!» አለ።

«የምን ዋጋ?» አለ ባለወፍጮው፣ ክንዱን ልጁ ትከሻ ላይ ጥሎ። «ሞተሩ እየጮኸ መሰለኝ፤ አልሰማህም?»

ልጆቼ... ደግ ልብ ብቻ አይበቃም። አባት መርዳቱን ደበቀ፣ ልጅ ሳይጠይቅ ጠላት ፈለገ፤ በመሀል ስንት በርሜል ነዳጅ ሳሙና ሆነ። «ምን ላግዝህ?» ማለት አንደበት አይሰብርም።

እናንተስ... በስውር እየለፋችሁለት ምን እንደሚፈልግ አንድ ቀን እንኳን ያልጠየቃችሁት ሰው ማነው? ከታች ጻፉልኝ። ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነባለሁ።