ትንሿ ድስት

ባየች የኩሽናውን በር በክርኗ ገፋ አድርጋ ቆመች። ምራቷ ቤዛ ጀርባዋን ሰጥታ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ጥዳለች፤ ትልቁን እያማሰለች፣ ትንሿን ከድና። የበሩን ሲጢጥታ ስትሰማ መጀመሪያ ያደረገችው የትንሿን ክዳን ጫን ማድረግ ነበር። ባየች ይህችን ልብ አለቻት።

ከቁሐር ሚካኤል ወረታ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። በሦስቱም ቀን ያቺ ድስት ተጥዳለች፤ በሦስቱም ቀን ከእሷ የሚበላው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ልጇ የኔነህ።

"ምን ወጥ ነው ይኸ ደግሞ?"

"ስጎ ነው እማማ። ለሩዙ።"

"ወጥ አትይም?"

"ቲማቲሙ በዝቶ ቀጠን ስለሚል ነው ስጎ የምንለው።"

"ኧረ ወዲያ። ወጥ ስለቀጠነ ሌላ ስም አይወጣለትም።"

ቤዛ ፈገግ አለች። ደሴ ተወልዳ ያደገች መምህርት ናት። አማቷ ከመጡ ወዲህ አልጋዋን ለቃ ከመሬት ትተኛለች፣ ማታ ማታ እግራቸውን ታጥባለች። ባየችን የከነከናትም ይኸው ነው። ይህን ያህል ደግነት በባዶ አይመጣም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ደግሞስ ያለ ነገር አልጠረጠረችም። የኔነህ ዘንድሮ ለሩዝ አጨዳ አልመጣም፤ ለኅዳር ሚካኤልም አልመጣም። ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ እንደነበር የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ቀኑን ሙሉ አርሶ የማይደክመው ልጅ ዛሬ ሚስቱ "አረፍ በል" ስትለው የሚቀመጥ፣ "በቃህ" ስትለው የያዘውን ውኃ እንኳ የሚያስቀምጥ ሆኗል። ጎረቤቷ ንግሥቲ ይህን ሁሉ ሰምታ፣ "መስተፋቅር አብልታዋለች" ብላ ነገሩን ዘጋችው። "መስተፋቅር ደግሞ የሚሰጠው በወጥ ነው።"

ቤዛ ከትልቁ ድስት በማማሰያው ጫፍ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ጨው ጨመረችና ደግማ ቀመሰች። ከዚያ ትንሿን ከፍታ አማሰለቻት፤ መዳፏን ሳትዘረጋ መልሳ ከደነቻት።

ባየች ደነገጠች። በእሷ አገር ጠላ ቀጂ እንኳ እንግዳው ፊት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ዋንጫ አትሰጥም። የሠራችውን የማትቀምስ ሴት ምን ብታገባበት ነው?

"ያችኛዋንስ አትቀምሻትም?"

"እሷ ቅምሻ አያስፈልጋትም፣ እማማ" አለች ቤዛ ፈጠን ብላ። ቀድማ ያበሰለችውን ሩዝ ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች።

ባየች የትንሿን ክዳን አነሳች። "ሚካኤል፣ አንተ ጠብቀኝ" ብላ መዳፏ ላይ ሦስት ጠብታ አደረገችና በምላሷ ጫፍ ነካችው። የሚመር ነገር ጠበቀች፤ ሥር ሥር የሚል ነገር ጠበቀች። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዘይት። ደግማ ቀመሰች። ጨው እንኳ የለበትም።

ፍርሃቱ ሲለቃት ንዴቱ መጣ። ለራሷ አጣፍጣ እየበላች ለእሱ እንዲህ ያለ እጣቢ ታቀርብለታለች? እሱስ አንድ ቃል አይወጣውም? ምላሱንም ወስዳበታለች ማለት ነው። ከጨው ዕቃው ቆንጠር አድርጋ ጨመረች። አልበቃትም፤ ዘግና ደገመች፣ አማሰለች፣ ከደነች።

የኔነህ ለምሳ ገባ። የጫማውን ክር ፈቶ ተቀመጠ። ቤዛ ከትንሿ ድስት ሩዙ ላይ ጨለፈችለት። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ዋጠ፤ ሁለተኛዋን አፉ ውስጥ ያዛት። ሚስቱን አየ፣ ቀጥሎ እናቱን አየ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። አልተቆጣም። ዋጣትና ማንኪያውን መልሶ ሰደደ።

"ጣፈጠህ፣ የኔ ልጅ?"

"ጣፍጧል እማዬ።"

ቤዛ የፊቱን መለወጥ አይታ ከሳህኑ ጠርዝ በጣቷ ቀመሰች። የባሏን እጅ ያዘች።

"አቁም። ንገራቸው የኔነህ፤ ዛሬ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ምኑን ነው የሚነግረኝ?"

የኔነህ ጫማውን አውልቆ የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበ። ቁርጭምጭሚቱ በእብጠት ጠፍቷል። በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ጣቱን ሲያነሳ ቦታው ጎድጉዶ ቀረ።

"ኩላሊቴ ነው እማዬ። ሐኪሙ ጨው ከልክሎኛል፤ ውኃም በልክ ነው። የአባባን እግር ስታሺ የከረምሽው አንቺ ነሽ፤ ደግመሽ እንዳታዪው ብዬ ነው እንዳትነግርሽ ያስማልኳት።"

ባየች ያንን ጉድጓድ ታውቀዋለች። ፎገራ ውኃ ተኝቶበት መንገድ በጠፋበት ክረምት ከባሏ እግር ላይ በየቀኑ ስታየው ነበር። ምግብ እንቢ ሲላት፣ ትንሽ ቢጣፍጥለት ብላ ወጡ ላይ ጨው እያከለች ታበላው ነበር። እስኪሞት ድረስ አበላችው፤ ማንም አልነገራትም።

ሳህኑን ከልጇ ፊት አንስታ ወደ ኩሽና ገባች። ትንሿን ድስት ደፋች፣ አጠበች፣ እንደገና አጠበች። ቤዛ ተከትላት መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

"አሳዪኝ" አለቻት ባየች።

"ምኑን፣ እማማ?"

"የእሱን ስጎ።"

ሽንኩርቱን ቤዛ ከተፈች፤ ያማሰለችው ባየች ናት። ቲማቲሙ ሲበስል ማማሰያውን ብድግ አደረገችና እንደ ልማዷ መዳፏን ዘረጋች። የተዘረጋ መዳፏን ትንሽ አየችው። ከዚያ ጨበጠችውና፣ ሳትቀምስ፣ ትንሿን ድስት ከደነቻት።