በአስተርጓሚ

ዶክተር ሶሊያና ጠዋት ለተማሪዎቿ ስለ አንድ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አየርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም ሌክቸር ሰጥታ ነበር። ሰውየው ሊቅም ስለነበር ድሆች በሽተኞቹን በገዛ ቋንቋቸው እያናገረ ተረታቸውን ሳይቀር ይጽፍ ነበር። "እናንተም እንደሱ አድምጡ" ብላ ስትጨርስ አጨበጨቡላት።

ከሰዓት በኋላ እነዚያው ተማሪዎች ከኋላዋ ቆመው ሳለ፣ በስደት ከሚኖሩበት ከብሩክሊን ፓርክ የመጡት ታካሚ ወይዘሮ አስካለማርያም ከአልጋቸው ቀና ብለው "ልጄ፣ አበሻ ነሽ አይደል?" አሏት። አማርኛዋ እናቷ ቤት የቀረ የልጅ አማርኛ ነው። በተማሪዎቿ ፊት መንተባተቡ አሳፈራትና ያልገባት መስላ በስልክ አስተርጓሚ አስጠራች።

"ነገ ኦፕሬሽን የምታደርገኝ እሷ ናት?" አሉ አሮጊቷ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው። "ፈርቻለሁ በያት።"

ሶሊያና ሰምታለች። ሆኖም አስተርጓሚዋ ወደ እንግሊዝኛ እስክትመልሰው ድረስ ምንም እንዳልገባት ሰው ፊቷን ሳትለውጥ ጠበቀች። የአሮጊቷ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ስታይ ግን አልቻለችም። እጃቸውን ያዘችና አንቱታው ጠፍቷት "አይዞሽ፣ እማማ" አለች።

ወይዘሮ አስካለማርያም ትክ ብለው አዩዋት። "ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?"

 አስተርጓሚዋ ሥራዋ ነውና ድምፁ ከፍ ካለው ስልክ ጥያቄውን ለተማሪዎቹ በጥሩ እንግሊዝኛ አሰማቻቸው።