የገለባው ጥፋት

ኃላፊው ከገለባ የተሠራውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ስንጥር ቆረቆራቸው። «ከዚህ ገለባ ወረቀት አይወጣም፤ ጥናቱ ይቁም» አሉ። ከዚያ ግን ወደ ወጣቷ ተመራማሪ ዞሩ። «ወይስ ገለባው በደንብ አልበሰለም?»

ትናንት ቤቷ ለመሄድ ቸኩላ ማብሰያውን ሰዓቱ ሳይሞላ ያጠፋችው እሷ ነበረች። «በስሏል» አለች።

የጥናቱ ባለቤት አጠገቧ ቆሟል። ገለባውን ከየአውድማው ዞሮ የለቀመው ራሱ ነበር። ለጥናቱ ይሟገታል ብላ ጠበቀች፤ ይጠይቀኛል ብላም ፈራች።

«ጋሼ፣ እሷ በስሏል ካለች በስሏል» አለ። «በእሷ ሥራ አልጠራጠርም። ጥፋቱ የኔው ገለባ ነው።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። እሱም ከጥግ የቀረውን ጆንያ ጎተተ።

«እህቴ፣ እስቲ በዚያ በኩል ያዢልኝ። ለከብት እንስጠው፤ እነሱ እንደ ጋሼ አያማርጡም» ብሎ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ኃላፊው ገና ኮሪደሩን አልጨረሱም፤ ብትጠራቸው ይሰሟት ነበር። ጎንበስ ብላ የጆንያውን ጫፍ ያዘች፤ እንዳይከብደው ብላ አብዛኛውን ክብደት ወደ ራሷ ሳበችና ተሸክመው ወጡ።