የተጠራው ስም

«በግንቦት ወር የሠራተኞች መዝገብ ላይ ሽታዬ የምትባል ሴት የለችም» አለ የተቋራጩ ነገረ ፈጅ፣ ደብተሩን ከዳኛው ፊት ዘርግቶ። «የሌለች ሴት ደግሞ ከሕንፃችን ልትወድቅ አትችልም።»

ሽታዬ ምርኩዟን ጨብጣ ቆማ ሰማችው። ማንበብ ባትችልም ሰውየው ስለ ደብተሩ እንዳልዋሸ ታውቃለች። ስሟ እዚያ አልነበረም።

ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የመጣችው የወንድሟን የባዬን ሚስት በአራስነቷ ልትንከባከብ ነበር። አራሷ እናኑ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ድንጋይና ኖራ ተሸካሚ ነበረች። ቦታዋን ሌላ ሰው እንዳይይዝባት ሽታዬ በእሷ ፈንታ ትሄድ ጀመር። ጧት ጧት ክንዱ የሚባለው የሠራተኞቹ ካቦ «እናኑ» ብሎ ሲጣራ «አቤት» ትላለች። ሸክሙ እስከተነሣ ድረስ ማን እንዳነሣው የሚጠይቅ አልነበረም።

ግንቦት ሃያ ሁለት ቀን ኖራ ተሸክማ ላይኛው ፎቅ ልትደርስ ስትል የርብራቡ እንጨት ከእግሯ ሥር ተሰበረ። ከወደቀችበት የተነሣችው በሰው ትከሻ ነው። የቀኝ ዳሌዋ ተሰብሯል።

ተቋራጩ ሽማግሌ ልኮ አንድ ጋቢ ተቀብላ እንድትታረቅ ጠየቃት። ማመልከቻ ጻፊው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ግን ሌላም መንገድ እንዳለ ነገሯት። አዲሱ ሕግ፣ ሠራተኛ በአሠሪው ቸልተኝነት ሲጎዳ አሠሪው ያሳክመው፣ እስኪድንም ያኑረው ይላል፤ መታረቁም መክሰሱም ያንቺ ፈንታ ነው አሏት። ሁለት ቀን አስባ ከሰሰች። እንጨቱ የነቀዘ መሆኑ ባለፈው ቀጠሮ ተረጋግጧል። የቀረው የወደቀችው ማን ናት የሚለው ብቻ ነበር።

እናኑን መስክሪልኝ አላለቻትም። ባዬ ሥራ ከፈታ ሰንብቷል፤ ቤቱ የሚኖረው እናኑ ተመልሳ በያዘችው ሥራ ነው። አፏን የከፈተች ዕለት ትባረራለች፤ አታለለች ተብላ ልትታሰርም ትችላለች። እናኑ ዛሬም ገና ሳይነጋ ምንም ሳትል ወጥታ ሄደች። ሽታዬ ወደ ሥራዋ መሄዷ ነው ብላ፣ አልከፋም እያለች ከፋት።

ዳኛው ካቦውን አስምለው፣ በዚያ ሰሞን እናኑ ሲባል ማን አቤት ይል እንደነበር ጠየቁት።

«እኔ የምጠራው ስም ነው» አለ ክንዱ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሣ። «አቤት ካለ ምልክት አደርጋለሁ። ፊት አላይም።»

ሽታዬ ትክ ብላ አየችው። በወደቀችበት ዕለት አንሥቶ የተሸከማት እሱ ነበር። እስከ መኪናው ድረስ «አይዞሽ እቴ» ሲላት ነው የሄደው።

ዳኛው ብዕራቸውን ሲያነሡ በሩ ተከፈተ። እናኑ ገባች። የሐምሌ ጭቃ እስከ ባቷ ወጥቷል። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጥምጥማቸው በዝናብ ርሶ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ተከተሏት። ከጎንደር ወጣ ብላ በምትገኘው በፀዳ፣ በእናኑ የትውልድ አጥቢያ የሚያገለግሉት ቄስ ወልደኢየሱስ ነበሩ፤ ሁለቱም በእግራቸው ነው የመጡት። እናኑ ለመመስከር ፈቃድ ጠይቃ፣ ማለች።

«ጌታዬ፣ የተጠራው ስም የኔ ነው፤ የወደቀችው ግን እሷ ናት። ሥራዬ እንዳይቀርብኝ ብዬ በስሜ የላክኋት እኔ ነኝ።»

ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። ዘመድ ለዘመዱ ያላየውንም ይመሰክራል፤ ደብተር ግን ዘመድ የለውም አለ። ይኼኔ ቄሱ መስቀላቸውን ከደረታቸው አስጠግተው ወደ ፊት ወጡ።

«ግንቦት ሃያ ሁለት፣ በዑራኤል ዕለት፣ የዚችን የእናኑን ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከኪዳን ጀምሮ ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ከአጠገቤ አልራቀችም።»

ዳኛው ደብተሩን ወደራሳቸው ሳቡት። እናኑ በዚያን ዕለት ጧት በሦስት ሰዓት ከርብራብ ላይ ወደቀች ይላል። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው ክንዱን አዩት፤ የማለው በእግዚአብሔር ስም መሆኑንም አስታወሱት።

ክንዱ ቄሱን አየ፤ መስቀሉን አየ። «እሷ ናት» አለ፣ ወደ ሽታዬ እየጠቆመ። «ያነሣኋትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሽታዬ በቅጡ አልሰማችውም። ተቋራጩ ያሳክማት፣ ሥራ እስክትችል ድረስም ያኑራት ሲባል ሰምታለች። እናኑ ስለ ውሸቷ ስትገሠጽም ሰምታለች፤ ዳኛው ከተግሣጽ እንዳላለፉም አይታለች። ሁለት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረው ነገር ተነሣላትና አየር እንደ ልብ ገባላት።

ደጅ ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። ቄሱ ቀደም ብለው ወረዱ።

«ምነው ሳትነግሪኝ ሄድሽ?» አለቻት ሽታዬ።

«ቄሱን ባላገኛቸውስ? በከንቱ ተስፋ እንዳልሰጥሽ ብዬ ነው።»

«ሥራሽስ?»

እናኑ ትከሻዋን ሰበቀች። «ቀርቷላ። ጫንቃዬን አልወሰዱብኝ።»

ጣሊያን የሠራው የፍርድ ቤቱ ደረጃ ረጅም ነው፤ ርሶም ያንሸራትታል። ሽታዬ ምርኩዟን በመጀመሪያው እርከን ላይ አሳረፈችና መለሰችው። እናኑ ይህን ስታይ ልታዝላት ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት። ሰው ያያል ብላ ሽታዬ እንቢ አለች፤ እናኑ ግን አልቀና አለች።

ዘበኛው ምርኩዙን ተቀብሎ ዳር ቆመ። እናኑ በደረጃው መሐል ለመሐል፣ እግሯን እየመረጠች፣ ቀስ ብላ ወረደች። ሽታዬ ጉንጯን በእርጥብ ጫንቃዋ ላይ አስደግፋ ትስቅ ጀመር፤ ሳቋም እናኑን ከሥር ያንቀጠቅጣት ነበር።