ባለ ቀይ ፕላስተሩ ማውስ

የአሥራ አራት ማውስ ዋጋ ሲደመር የአንዲት ጸሐፊ የሁለት ወር ደመወዝ ያህላል። ቆጣሪው ይህን ያሰላው በጣቶቹ ነው፤ ካልኩሌተር ባትሪ ይበላልና።

ሰፈርተኛው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት «ቆጣሪው» ያለው በከንቱ አይደለም። የተጣለ ወረቀት ካገኘ ጀርባውን ገልብጦ ሳያይ አያልፍም። የተነቀለ የስቴፕለር ሽቦ አቃንቶ እንደገና ለመምታት የሞከረም እሱ ነው። ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በማውሱ ነበር።

«ስምንት ዓመት!» ይላል ለገባ ደንበኛ ሁሉ፣ ማውሱን እንደ ልጅ ጭንቅላት እየደባበሰ። «የኔ መሆኑ እንዲታወቅ ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። እዩት፣ ፕላስተሩ እንኳ አልደበዘዘም። ዕቃ እንደ ያዡ ነው!»

ማውሱና ጸሐፊዋ የመጡት በአንድ ሰሞን ነው። ቆጣሪው ግራኝ ስለሆነ፣ ለግራ እጁ እንዲመቸው ኮምፒውተሩ ላይ የማውሱን የቀኝና የግራ ቁልፍ ሥራ ያገላበጠችለት እሷ ናት። የዚያኑ ቀን ሚስቱ ለብቻዋ ጠርታ መከረቻት።

«ልጄ፣ መተየቡስ ቀላል ነው። ዋናው ሥራሽ እሱን አለማናደድ ነው። ደም ብዛት አለበት።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዋ ጠዋት ቀድማ ትከፍታለች፣ ጠረጴዛዎቹን ትወለውላለች፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ከረቂቁ ሳትነቅል በአሥር ጣቶቿ ትተይባለች። እሱ ደግሞ ጥግ ካለው ኮምፒውተር ፊት ተሰይሞ «ሒሳብ ይሠራል»። ሒሳቡ የካርታ ጨዋታ ነው። ሲሸነፍ የጠረጴዛው ጩኸት ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሰማል።

መከራው የጸሐፊዋ ማውስ ነው። ስድስት ሰባት ወር እንኳ በቅጡ አይኖርም። ቆጣሪው ጠዋት ሲገባ፣ «ጋሼ፣ የኔ ማውስ እምቢ አለ» ትለዋለች። እሱም እያጉረመረመ በጅምላ ከገዛው ካርቶን አንዱን ይወረውርላታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ጥቁር። ከዚያ፣ ምናልባት ነፍስ ይዘራ እንደሆነ ብሎ፣ የሞተውን ይዞ ወደ ሰፈሩ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ይሄዳል።

ጠጋኙ በካቻቢቴ ይከፍተዋል፣ ይነካካዋል፣ ይስቃል።

«እንደ ልማዷ የቀኙን ቁልፍ ፈጅታዋለች። የሰው ሁሉ ማውስ የሚያልቀው በግራው ቁልፍ ነው። ይቺ ልጅ ምን ጉድ ናት?»

«ምኗ ከሰው ይገጥማል ብለህ ነው!»

አሥራ አራተኛውን የወሰደ ዕለት ቆጣሪው ጠየቀ።

«ለመሆኑ ማውስ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

«ደህና እጅ ላይ ከወደቀ አራት፣ አምስት ዓመት።»

«የኔ ስምንት!»

«የእርስዎማ ጡረታ ይገባዋል።»

ያን ዕለት ነው በጣቶቹ ያሰላው። ተመልሶ ሲገባ ወንበሩ ላይ እንኳ አልተቀመጠም።

«የሁለት ወር ደመወዝሽን ይዣለሁ» አላት። «የማውሶቹ ደም ዋጋ ነው።»

«ኧረ ጋሼ! የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ በምን ልክፈል? ደግሞ እኔ ማውስ ብዙም አልነካ።»

«ታዲያ በዓይንሽ ነው የገደልሻቸው?» የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ።

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ሥሩን አየችና መልሳ ዘጋችው። ቦርሳዋን አነሳች።

«እንግዲያው እኔም ይብቃኝ። ጋሼ፣ የቀዩ ፕላስተር ጥቅል መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ደግሞ እባክዎ አይናደዱ።»

«ፕላስተር ምን ሊያደርግልኝ? አልቆሰልኩ!»

በእሷ ቦታ የእህቱን ልጅ ተካ። ልጁ በሁለት ጣት ይተይባል፣ በቀሩት ስምንት ስልኩን ይነካካል። አንድ ማመልከቻ እስኪጨርስ አመልካቹ ሐሳቡን ይለውጣል። የልጁ ማውስ ግን ወር አልፎ ወር ሲተካ እንደ ሙሽራ እንዳማረበት ነው።

«አያችሁ?» ይላል ቆጣሪው። «እጅ ማለት ይሄ ነው!»

በሰባተኛው ወር ባለ ቀይ ፕላስተሩ ማውስ እምቢ አለ።

ቆጣሪው አልተናደደም፤ ዕድሜ ጠግቦ ለሞተ አይለቀስም። ፕላስተሩን ለማስታወሻ ልጦ ኪሱ ከተተ፣ ሬሳውን በጋዜጣ ገነዘና ወደ ጠጋኙ ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ ሒሳቡን ዘጋ፦ የአሥራ አራት ማውስ ዋጋ ገብቷል፣ አንድ ማውስ ወጥቷል፤ ትርፉ አሥራ ሦስት። ፉጨት አማረው።

ጠጋኙ ከፈተው፣ ነካካው፣ ሳቀ።

«የቀኙ ቁልፍ! ጋሼ፣ ያቺ ጸሐፊ ተመለሰች እንዴ?»